ምዕራፍ 6፦ ካሜራ ተራ የት ነው?

መርካቶ የገባ ሰው መንገድ የሚጠይቀው በዕቃው ስም ነው። በርበሬ የፈለገ ወደ በርበሬ ተራ፣ ነጠላና ጋቢ የፈለገ ወደ ሸማ ተራ፣ ለቤቱ ክዳን የሚገዛ ወደ ቆርቆሮ ተራ ይላካል። ሌላው የጣለውን ጄሪካን፣ ብረትና ጠርሙስ የሚፈልግ ምናለሽ ተራ ይወርዳል። ጣሊያን በወረራው ዘመን ገበያውን ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደ ምዕራብ ሲያዛውረው ስሙን ትቶለት ሄደ፤ ተራ የሚባለውን ሥርዓት ግን እሱ አላመጣውም። አንድ ዓይነት ዕቃ የሚሸጡ ሰዎች ጎን ለጎን መቀመጣቸው በአራዳም የነበረ ልማድ ነው።

ልማዱ ለገዢ ትልቅ ውለታ ይውላል። አራት አምስት ሱቅ ጠይቆ ስድስተኛው ላይ የደረሰ ሰው የዕለቱን ዋጋ አውቆታል፤ ሻጩም ገዢው ማወቁን ያውቃል። ጎረቤቱ ሁለት እርምጃ ራቅ ብሎ ያንኑ ዕቃ እየሸጠ ብዙ መዋሸት ያስቸግራል። ጥራትም ቢሆን በንጽጽር ይጋለጣል፤ ቀለሙ የሞተ በርበሬ የማረቆ በርበሬ አጠገብ ሲዘረጋ ማንም ሳይናገር ራሱን ያሳጣል።

ካሜራ ተራ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። መርካቶ ውስጥ ካሜራ አይሸጥም ማለቴ አይደለም። ኤሌክትሮኒክስ ቤቶች መደርደሪያ ላይ ከሰዓትና ከስፒከር መሐል አንድ ሁለት ይገኛል፤ ትራይፖድ፣ ቦርሳ፣ ሜሞሪ፣ ባትሪና ቻርጀርማ እንደ ልብ ነው። ሌላው ንግድ በከተማው ተበታትኗል። ፒያሳ ለረጅም ጊዜ የፎቶ ቤቶች መናኸሪያ ነበረች፤ በ2016 ዓ.ም. ሰፈሩ ሲፈርስ የቆዩ ሱቆች ወዲያ ወዲህ ተበተኑ። ከሁሉም የሚበዛው ደግሞ ሱቅ የማያውቀው፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው ያገለገለ ካሜራ ነው፦ ከውጭ የመጣ ዘመድ በሻንጣው ያመጣው፣ የዱባይ ተመላላሽ ከሌላ ዕቃ ጋር ያስገባው፣ የሰርግ ፎቶ አንሺው አዲስ ሲገዛ የለቀቀው። እያንዳንዱ ካሜራ ለብቻው ይሸጣል። አጠገቡ የሚያሳጣው ጎረቤት የለም።

ታዲያ አንድ የባንክ ሠራተኛ ወይም አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ቅዳሜና እሁድ ለመዝናናት ፎቶ ማንሳት ቢያምራቸው ዋጋውንና ጥራቱን በምን ያውቃሉ? በሰው ነው የሚያውቁት። ይህ ምዕራፍ የሚነግራችሁም በተራ የማይሸጥ ዕቃ ሲገጥም ተራውን የሚተካው የጓደኛ ምክር እንደሆነ፣ ምክሩም እንደ ዕቃው ተገላብጦ መታየት እንዳለበት ነው።

ሻጩ የሚያውቀው፣ ገዢው የማያውቀው

እ.ኤ.አ. በ1970 ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የኢኮኖሚ ምሁር ስላገለገሉ መኪኖች አንድ አጭር ጽሑፍ አሳተመ። ሦስት መጽሔቶች ቀደም ብለው አይሆንም ብለው መልሰውት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ግን ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር የኖቤል ሽልማት ያገኘበት ሥራ ይኸው ሆነ። ሐሳቡን ማንም የመርካቶ ልጅ በአንድ ትንፋሽ ሊያስረዳው ይችላል። ሻጩ የመኪናውን ችግር ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም። ገዢው ላለመታለል ሲል ሁሉንም መኪና ችግር እንዳለበት ቆጥሮ ዝቅተኛ ዋጋ ያቀርባል። በዚያ ዋጋ ደህና መኪና ያለው ሰው አይሸጥም፣ ገበያ ላይ የሚቀረው ብልሹው ነው። ብልሹው ሲበዛ ዋጋው ይበልጥ ይወርዳል፤ የባሰበት ገበያ ጨርሶ ይዘጋል።

ከስምንት ዓመት በኋላ ክሊፎርድ ጊርትዝ የተባለ አንትሮፖሎጂስት ሴፍሩ ከምትባል የሞሮኮ ከተማ ገበያ ተነሥቶ ነገሩን ከሌላ ወገን አየው። እንደ እሱ አባባል በእንዲህ ያለ ገበያ ውስጥ ከሁሉ የሚወደደው ዕቃ መረጃ ነው። መረጃ ጥቂት ነው፣ እኩል አልተዳረሰም፣ ያለው ሰውም በቀላሉ አይለቀውም። ስለዚህ ሰዎች ሁለት መላ ይዘረጋሉ። አንደኛው ደንበኛ መያዝ ነው፤ እየተመላለሱ ከአንድ ሰው መግዛት። ሁለተኛው ክርክር ነው። ክርክር ዋጋ መቀነሻ ብቻ መስሎ ይታያል እንጂ ዋናው ጥቅሙ ሻጩን ማናገር ነው። «መጨረሻውን ንገረኝ» ተብሎ ተጠይቆ በአንድ ጊዜ አንድ አምስተኛውን የሚቀንስ ሻጭ ስለ ዕቃው የሆነ ነገር ተናግሯል። ይህ ከጊርትዝ ሳይሆን ከእኔ ነው፤ መርካቶ ውስጥ ፈጥኖ የሚረክስ ነገር አንድ ጊዜ ማሰብን ይጠይቃል።

ጊርትዝ ካነሣው ውስጥ ለእኛ ጉዳይ የሚበጀው አንድ ልዩነት አለ። ዕቃው አንድ ዓይነት ከሆነ ብዙ ሻጭ መጠየቅ ያዋጣል። ያገለገለ ከሆነ ግን እያንዳንዱ የራሱ ታሪክ አለውና አንዱን ጠልቆ መመርመር ይሻላል። አዲስ ሜሞሪ የሚገዛ ሰው አሥር ሱቅ ይዙር። ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ግን አንድ ካሜራ ላይ ሁለት ሰዓት ቢያጠፋ አይቆጨው።

ዋጋው ራሱ ደግሞ መሬት አይረግጥም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ መቶን ዘለለ። ውጭ አገር 400 ዶላር የሚያወጣ ካሜራ በባንክ ስሌት ከ23,000 ብር ገደማ ወደ 40,000 ብር ተመነጠቀ ማለት ነው። ነጋዴው ቀድሞም በጥቁር ገበያ ምንዛሬ ሲያሰላ ስለኖረ ሱቅ ላይ የታየው ጭማሪ ይህን ያህል አልነበረም ይሆናል፤ ሆኖም አንድ ልማድ አልጋ ያዘ። «እኔ ስገዛ እንዲህ ነበር» የሚለው የጓደኛ ምክር ዓመተ ምሕረቱ ካልተጠቀሰበት ፋይዳ አጣ።

መካሪው በካሜራው ምን ይሠራበታል?

ጀማሪ የመጀመሪያ ምክሩን የሚያገኘው አብዛኛውን ጊዜ ከሰርግ ፎቶ አንሺ ነው። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንድ ያውቃል፤ የአክስት ልጅ ይሆናል፣ የሰፈር ልጅ ይሆናል። ሰውየው ሐቀኛ ነው፤ የሚመክረው ግን የራሱን ኑሮ ነው። ለእሱ ሜሞሪ መሐል ላይ ቢበላሽ የሙሽሮቹ ቀን አይደገምም፤ ስለዚህ ሁለት ካርድ በአንድ ጊዜ የሚቀበል ካሜራ ይፈልጋል። አዳራሽ ውስጥ ከሩቅ ማንሳት አለበት፤ ስለዚህ ከ70 እስከ 200 ሚሊ ሜትር የሚሳብ፣ ብርሃን በደንብ የሚያስገባ ሌንስ ይይዛል። የካነኑ ሁለተኛ ትውልድ ብቻውን አንድ ኪሎ ተኩል ይመዝናል። ለእሱ ይህ የእንጀራ ዕቃ ነው፣ በሁለት የሰርግ ወቅት ራሱን ይከፍላል። እሁድ ጠዋት ከሲኒማ ራስ እስከ አንዋር መስጊድ እየተዘዋወረ የሰው ፊትና የጎዳና ሕይወት ማንሳት ለሚፈልግ ሰው ግን አንገት የሚሰብር፣ የሁሉን ዓይን የሚስብ፣ ከሰው የሚያርቅ ሸክም ነው።

ቪዲዮ የሚሠራው ጓደኛ ደግሞ ሶኒ ይላል። ለእሱ ትክክል ነው፤ ፎከሱ የሚንቀሳቀስ ፊት ሳይለቅ ይከተላል። ከውጭ የመጣው ዘመድ የቅርቡን ሞዴል ይመክራል፤ እሱ ያለበት አገር ቢበላሽ በፖስታ ልኮ አሠርቶ ይመለስለታል፣ አዲስ አበባ ውስጥ ግን የዚያን ሞዴል መለዋወጫ ለማግኘት ሌላ የሞተ ካሜራ መፈለግ ግድ ሊሆን ይችላል። ባለሱቁ መደርደሪያው ላይ ያለውን ይመክራል፤ ይህን ማንም አይስተውም። የሚያሳስተው ጥቅም የሌለው መካሪ ነው፤ አይዋሽማ ብለን ሳንመረምር እንቀበለዋለን።

ስለዚህ የካሜራ ምክር ሲቀርብላችሁ «የትኛው ይሻላል?» ከማለት በፊት መካሪውን «ባለፈው ወር ያነሳኸውን አሳየኝ» በሉት። የሰርግ ፎቶ ካሳያችሁ የሰርግ ምክር ነው የተቀበላችሁት። ምንም ካላሳያችሁ ደግሞ የሰማውን ነው የነገራችሁ። ካሜራ አዋቂዎች ክብ ሠርተው ቡና ሲጠጡ ስለ ሜጋፒክስል አንድ ሰዓት የሚከራከሩትን ያህል ፎቶ ሲያሳዩ አይታዩም፤ ይህ የትም አገር ያለ በሽታ ነው።

እውቀቱ እንዲህ በየቡና ጠረጴዛው መገኘቱ ራሱ አዲስ ነገር ነው። በአጼ ምኒልክ ዘመን ከመጡት አርመኖች አንዱ ቤድሮስ ቦያጂያን የቤተ መንግሥት ፎቶ አንሺ ሆነ፤ ሙያውን ልጆቹ ወረሱ፣ ቤተሰቡም እስከ አጼ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነገሥታቱን ሲያነሳ ኖረ። በዚያ ዓለም የካሜራ ምርጫ የቤተሰብ ምስጢር ነበር፤ ከጨለማ ክፍሉ በር አይወጣም። ኋላ ፎቶ ቤቶች ሲበዙ ሙያው ወደ ተቀጣሪ ልጆች ወረደ። በደርግ ጊዜ ደግሞ ሶቪየት ኅብረት ለትምህርት የሄደ ሰው ይዞት ሊመለስ ከሚችለው ነገር አንዱ ዜኒት ነበር። ዜኒት-ኢ ባትሪ የሌለው፣ የብርሃን መለኪያው ከብርሃኑ ራሱ የሚሠራ፣ ወደ ኪሎ የሚጠጋ ብረት ነው። አብሮት የሚመጣው ሄሊዮስ 44-2 ሌንስ ዛሬም በየአገሩ ይፈለጋል፤ በርካሽ አገናኝ ቀለበት አዲስ ካሜራ ላይ ይገጠማል፣ ፎከሱ በእጅ ነው፣ ከኋላ ያለውን ቅጠል ያሽከረክረዋል። አባታችሁ ቁም ሣጥን ውስጥ ዜኒት ካለ ቦዲውን ለጌጥ አስቀምጡት፣ ሌንሱን ግን አውጡት።

ጓደኛ ያለው ካሜራ

አሁን ወደ ዋናው ፍሬ ነገር እንግባ። የካነን፣ የኒከንና የሶኒ የምስል ልዩነት ለጀማሪ ዓይን የማይታይ ነው። የሚታየው ልዩነት ከጎናችሁ ያለው ሰው የያዘው ነው።

ካሜራ ሁለት ክፍል አለው፦ ቦዲና ሌንስ። ቦዲ እንደ ስልክ ያረጃል፤ ሌንስ ግን በወጉ ከተያዘ ከባለቤቱ ዕድሜ ሊበልጥ ይችላል። ሁለቱ የሚጋጠሙበት አፍ በየድርጅቱ የተለያየ ነው፤ የአንዱ ሌንስ በሌላው ላይ ያለ አገናኝ ቀለበት አይገባም። ካነን ኢኤፍ የሚባለውን አፍ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው። በዚያ ዓመት የተሠራ ሌንስ ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ በወጣው 5ዲ ማርክ 2 ላይ ያለ ችግር ይሠራል። ካነን እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ አዲሱ አርኤፍ አፍ ሲሻገር እንኳ አሮጌዎቹን የሚያገናኝ ቀለበት አብሮ አወጣ። ባትሪውም እንዲሁ ነው። ኤልፒ-ኢ6 እ.ኤ.አ. በ2008 ከ5ዲ ማርክ 2 ጋር ወጣ፤ 7ዲ፣ 60ዲ፣ 6ዲ፣ 70ዲ፣ 80ዲ እና 5ዲ ማርክ 3 እና 4 ሁሉ በእሱ ይሠራሉ፤ ከአሥር ዓመት በላይ ቆይተው የወጡት አር5 እና አር6 ሳይቀሩ አሮጌውን ይቀበላሉ።

ይህ ነገር ደረቅ የፋብሪካ መረጃ ይመስላል፤ አዲስ አበባ ውስጥ ግን ሰዎች ዕቃ የሚዋዋሱበትን መንገድ ይወስናል። መብራት ጠፍቶ ባትሪያችሁን ሳትሞሉ ለጥምቀት ጃንሜዳ ብትደርሱ ከአምስት ባለካሜራ አንዱ ኤልፒ-ኢ6 መያዙ አይቀርም። 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ ለእህታችሁ ምርቃት አንድ ቀን ቢያስፈልጋችሁ የሚያውስ ጓደኛ ወይም የሚያከራይ ቤት ታገኛላችሁ። ሲበላሽ የሚያውቀው ጠጋኝ አለ፣ ስትሸጡት የሚገዛው ሰው አይጠፋም። ያው 5ዲ ማርክ 2 ሙሉ ጥራት ያለው ቪዲዮ ከሚቀርጹ ባለ ትልቅ ሴንሰር ካሜራዎች የመጀመሪያው ስለነበረ በዓለም ሁሉ የሰርጉንም የክሊፑንም ሠራተኛ በአንድ ዕቃ ሰብስቧል፤ አዲስ አበባም ከዚያ ማዕበል አልቀረችም። ዛሬ በርካሽ የሚዞረው ያገለገለ ካነን ብዛቱ ከዚያ የመጣ ነው።

ጓደኞቹ በሙሉ ኒከን የያዙ ሰው ግን ኒከን ይግዛ። ሕጉ አንድ ነው። የኒከን አፍ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ ያለ መሆኑ ሲነገር ይሰማል፣ እውነት ነው፤ ሆኖም ሻጮች የማይናገሩት አንድ ወጥመድ አለ። በርካሾቹ ዲ3000 እና ዲ5000 ተከታታዮች ውስጥ ፎከስ የሚያዞር ሞተር የለም። ስለዚህ ሞተር በሌላቸው የቆዩ የኒከን ሌንሶች ላይ ፎከሱ በእጅ ብቻ ይሆናል። ካነን ላይም ወጥመድ አለ፤ ኢኤፍ-ኤስ የሚል ምልክት ያለበት ሌንስ ለትንሽ ሴንሰር የተሠራ ስለሆነ 5ዲ እና 6ዲ ላይ አይገባም።

የሴንሰሩን መጠን ካነሣን አይቀር፣ ፉል ፍሬም የሚባለው 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። የካነን ትንሹ 22 በ15 ገደማ ነው፤ በእሱ ላይ 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ የ80 ያህል ይጠባል። «መጀመሪያ 50 ሚሊ ሜትር ግዛ» የሚለው ምክር በዓለም ሁሉ የታወቀና ከሞላ ጎደል ደህና ምክር ነው፤ የካነኑ 1.8 ከሁሉም ርካሽ ሌንስ አንዱ ነው፣ ክብደቱም 160 ግራም ብቻ። መርካቶ ውስጥ ግን በትንሽ ሴንሰር ላይ ሲገጠም ችግር አለው። ሱቆቹ ጠባብ ናቸው። ባንኮኒውን፣ ሻጩንና ከኋላው እስከ ጣሪያ የተደረደረውን ጣቃ በአንድ ላይ ለማስገባት ወደ ኋላ ስትሸሹ ጀርባችሁ የማዶውን ሱቅ ይነካል። ለእንዲህ ያለ ቦታ 24 ሚሊ ሜትር ኢኤፍ-ኤስ የሚባለው፣ 125 ግራም የሚመዝን ጠፍጣፋ ሌንስ ይሻላል። ዓለም አቀፉን ምክር የሰፈሩ ስፋት ያሻሽለዋል።

ሁለት ሰዓት በአንድ ካሜራ ላይ

ካሜራው ቀርቦላችኋል እንበል። ሻጩ «እንደ አዲስ ነው፣ ቤት ነው የተቀመጠው» ይላል። እሱ የሚለውን ስሙና ካሜራው የሚለውን ደግሞ እናንተ አንብቡ።

ከላይ ፍላሽ የሚሰካበትን ብረት ተመልከቱ። ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ካበራ በየሳምንቱ ፍላሽ ሲገባበትና ሲወጣበት የኖረ፣ ማለትም ሰርግ የሠራ ካሜራ ነው። ቤት የተቀመጠ ካሜራ እዚያ ጋ አይላጥም። ከሥር ያሉትን ብሎኖች እዩ፤ ጥርሳቸው ከተበላ ካቻቢቴ ገብቶበታል፣ ተከፍቷል። መከፈቱ ብቻውን ኃጢአት አይደለም፣ ለምን እንደተከፈተ መደበቁ ነው። የእጅ መያዣው ላስቲክ ከሌላው አካል በጣም አዲስ ሆኖ ከታያችሁ ተለጥፎለታል።

ቀጥሎ ቆጣሪው። በካሜራ ውስጥ ሻተር የሚባል መጋረጃ በእያንዳንዱ ፎቶ ይከፈትና ይዘጋል። ፋብሪካው ስንት ጊዜ እንደሚችል ይገምታል፤ ለካነን 6ዲ 100,000፣ ለ5ዲ ማርክ 2፣ 3 እና 4 ደግሞ 150,000፣ ለኒከን ዲ850 200,000 ነው። አንድ ባለሙያ በአንድ ሰርግ 2,000 ጊዜ ቢተኩስ በ75 ሰርግ 150,000 ይሞላል፤ ይህ ለጠንካራ ሠራተኛ የሁለትና የሦስት ዓመት ሥራ ነው። ቁጥሩ ያለፈበት ካሜራ በማግሥቱ ይሞታል ማለት አይደለም፤ ዋጋው ግን መውረድ አለበት። ኒከን ቁጥሩን በፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል፤ አንድ አንስቶ በስልክ ወይም በኮምፒውተር መክፈት ይበቃል። ብዙዎቹ ካነኖች አይጽፉትም፤ በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ተገናኝቶ በፕሮግራም ነው የሚነበበው። ላፕቶፕ ይዞ መሄድ ይከብዳል ብላችሁ ካልተዋችሁት በስተቀር ይህን ያህል አስቸጋሪ አይደለም። ላፕቶፑን ሲያይ የሚቆጣ ሻጭ ካጋጠማችሁ ፍተሻው አልቋል፣ ሻይ ጠጥታችሁ ተመለሱ።

ሴንሰሩን ለማየት ሌንሱን ወደ ሰማይ አዙራችሁ በኤፍ 16 ወይም በ22 አንሱ። አቧራ ካለ ጥቁር ነጥብ ሆኖ ይወጣል። አቧራ ይጠረጋል፤ ከተጠረገ በኋላም እዚያው ቦታ የሚቆይ ጭረት ግን ዕድሜ ልክ ነው። ከዚያ ክዳኑን ገጥማችሁ ጨለማ ውስጥ ለጥቂት ሴኮንድ ክፍት አድርጋችሁ አንሱ፤ በጥቁሩ ላይ ቀይና ሰማያዊ ነጥቦች ከበዙ ሴንሰሩ ደክሟል።

ሌንስ ላይ ከሁሉም የሚከፋው ሻጋታ ነው። ክረምቱን ሙሉ እርጥበት ባለበት ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የኖረ ሌንስ ውስጡ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ያበቅላል። ከፊት ሲያዩት አይታይም። የስልካችሁን መብራት በአንዱ በኩል አብርታችሁ በሌላው በኩል ስታጮልቁ ግን ይወጣል። ሻጋታ የያዘውን በስጦታም አትቀበሉ፤ ከደህናው ሌንስ ጋር በአንድ ቦርሳ ከተቀመጠ ሊዛመት ይችላል። የራሳችሁን ለመጠበቅ በጫማ ካርቶን ውስጥ የሚመጡትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች ሰብስባችሁ ከሌንሱ ጋር በሚከደን የፕላስቲክ ዕቃ ውስጥ አኑሩ። ሩዝ ውስጥ ቅበሩት የሚል ምክር ይዞራል፤ ዱቄቱ ሌንሱ ውስጥ ይገባልና ተዉት።

ሜሞሪ ካርድ የራሱ ጣጣ አለው። ላዩ ላይ 128 ጊጋባይት የተጻፈበት፣ ኮምፒውተርም 128 ነው የሚለው፣ ውስጡ ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ካርድ በዓለም ገበያ ሞልቷል። ሲሞላ አይናገርም፤ አዲሱን ፎቶ በአሮጌው ላይ ይጽፍና ሁለቱንም ያበላሻል። የሚጋለጠው እስከ አፉ ፋይል ሞልታችሁ መልሳችሁ ስትከፍቱት ብቻ ነው። ደንበኛ የመያዝ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ከአንድ ሱቅ ደጋግሞ የሚገዛ ሰው ፎርጅድ ካርድ ይዞ የሚመለስበት በር አለው።

በመጨረሻ የሲሪያል ቁጥሩን ከካርቶኑና ከደረሰኙ ጋር አስተያዩ። ካርቶን ባይኖር እንኳ ሻጩ መታወቂያውን አሳይቶ በወረቀት ላይ «ሸጫለሁ» ብሎ ይፈርም። የተሰረቀ ካሜራ ይህን ፈተና አያልፍም።

መርካቶ ራሱ የሚጠይቀው

አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ናት። በሚያዝያ መግቢያና በነሐሴ መጨረሻ አካባቢ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ልክ ከአናት በላይ ትሆናለች፤ ዓይን ጥቁር ጉድጓድ ውስጥ ይገባል፣ የቆርቆሮው ጣሪያ ይነዳል፣ ከሸራው ሥር ያለው ሰው ይጨልማል። ይህን የትኛውም ካሜራ በሙሉ አይችለውም። ሰማዩና ቆርቆሮው ነጭ ሆኖ እንዳይቃጠል ኤክስፖዠሩን ቀንሳችሁ በጥሬ ፋይል አንሱ፤ ጨለማው በኋላ ይነሳል፣ የተቃጠለው ግን አይመለስም። ከሁሉ የሚሻለው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት በፊት መግባት ነው፤ ሸቀጥ ሲራገፍ፣ ወዛደር ጣቃ ተሸክሞ ሲሮጥ የምታገኙትም ያኔ ነው።

ሱቅ ውስጥ ስትገቡ ፎቶው ላይ አግድም ጥላ ሸንተረር ቢሠራ ካሜራው አልተበላሸም። የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙ አምፖሎች በሴኮንድ 100 ጊዜ ይርገበገባሉ፤ ሻተሩን የሴኮንድ 100ኛ ወይም 50ኛ ላይ ስታደርጉት ሸንተረሩ ይጠፋል። ይህን ባለማወቅ ብቻ ደህና ካሜራ በርካሽ የሚሸጥ ሰው አለ።

ሕጉንም ማወቅ ይገባል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛና እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ አንቀጽ 28 ደግሞ እንደ ሕዝባዊ ሁነት ያሉትን ለይቶ ይፈቅዳል። በተግባር ግን መርካቶ ውስጥ ከአንቀጹ ቀድሞ የሚመጣው «ለምንድነው የምታነሳን?» የሚለው ጥያቄ ነው። በትንሽ ሌንስ ቀርቦ፣ ሰላም ብሎ፣ «እናቴ፣ አንድ ላንሳዎት?» ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ይፈቀድለታል። ከመንገድ ማዶ ባለ ኪሎ ተኩል ሌንስ ያነጣጠረ ሰው ፎቶውን አጥፋ ይባላል፣ ትክክልም ነው።

እዚህ ላይ የግርማ በርታን ስም ማንሳት ግድ ነው። የአዲስ አበባን ጎዳና ሰዎች፣ ሊስትሮውን፣ ተሸካሚውን፣ መንገደኛውን በስልክ እያነሳ፣ ከጀርባቸው ያለውን ትርምስ አውጥቶ በደማቅ ቀለም ላይ ብቻቸውን ያቆማቸው ወጣት ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ጌቲ ኢሜጅስና ኢንስታግራም በጋራ ይሰጡት ከነበረው የገንዘብ ድጋፍ ተሸላሚዎች አንዱ ሆነ። ሚካኤል ፀጋዬ ደግሞ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት በሥዕል ተመርቆ የዘይት ቀለም አለርጂ ሲሆንበት ነው ወደ ካሜራ የዞረው፤ ዓይኑ ከካሜራው በፊት የሠለጠነ ነበር። አይዳ ሙሉነህ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረችው አዲስ ፎቶ ፌስት የተባለው የፎቶ ዐውደ ርዕይ በተከፈተ ጊዜ ሁሉ ግድግዳው ፊት ቆሞ «በምን ካሜራ ተነሣ?» የሚል ጎብኚ አይጠፋም። ከግድግዳው ላይ ግን መልሱን ማንበብ አይቻልም።

ስለዚህ ደህና ስልክ ያለው ሰው ስድስት ወር በስልኩ ያንሳ። ከዚያ በኋላ ስልኩ የከለከለውን አንድ ነገር በስም መጥራት ከቻለ፣ ጨለማ ይሁን፣ ርቀት ይሁን፣ የሚሮጥ ልጅ ይሁን፣ ካሜራ ይግዛ። ፍርዴ እንዲህ ነው፦ ከቅርብ ጓደኞቹ የብዙዎቹን አፍ የሚጋራ ያገለገለ ቦዲ፣ ሻተሩ ከግማሽ በታች የቆጠረ፤ አንድ የማይሳብ ትንሽ ሌንስ፣ ለፉል ፍሬም 50 ወይም 35፣ ለትንሹ ሴንሰር 24፤ ሁለት እውነተኛ ባትሪ። ከገንዘቡ ሩቡን ሳይነካ ለጥገና ያስቀምጥ። ትልቁ የሚሳብ ሌንስ በዓመት ሁለት ቀን ነው የሚያስፈልገው፣ ይከራየው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ። ካሜራ የገዛ ሰው ዋጋ ሲጠየቅ ወይ ብልጥ ለመምሰል አሳንሶ ይናገራል፣ ወይ ባለጸጋ ለመምሰል ያስበልጣል። ቀጥሎ ለሚጠይቃችሁ ሰው የከፈላችሁትን ትክክለኛ ብር፣ የገዛችሁበትን ወር፣ የሻተሩን ቁጥርና ያገኛችሁበትን ጉድለት ሳትደብቁ ንገሩት።